ክዳኑን ማን ዘጋው? ሕፃናትን ከቤት ውስጥ መርዝ የመጠበቅ ታሪክ



የዛሬው የታሪክ ጽሑፋችን ስለ ጦርነት ወይም ስለ ሡልጣን አይደለም። ስለ አንድ የጠርሙስ ክዳን ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ። (ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ይህን አስቡት። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግቢ ውስጥ ሲሮጥ ቆይቶ ውኃ ጠማው። ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ አንድ ሃይላንድ ቆሟል። ጠርሙሱን ያውቀዋል፤ ትናንት ከዚሁ ዓይነት ጠርሙስ ውኃ ጠጥቷል። የዛሬው ግን በረኪና ነው። ልጁ ያደረገው እኛው ያስተማርነውን ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ብዙዎቻችን በየሰፈራችን ሰምተናል። ጩኸት፣ ወተት ፍለጋ፣ ባጃጅ፣ ሆስፒታል። ከዚያም ጎረቤት ተሰብስቦ ሁለት ነገር ይናገራል። አንዱ «የአላህ ቀደር ነው» ይላል። ሌላው «እናትየዋ ምን ስትሠራ ነበር?» ይላል። ቀደር እምነታችን ነው፤ ማንም አይክደውም። እናትም መጠንቀቅ አለባት። ችግሩ ሁለቱም ንግግሮች ወሬውን እዚያው መዝጋታቸው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ያው በረኪና፣ በያው ጠርሙስ፣ ያው ቦታ ላይ ይቆማል።

ታሪክ ግን ሦስተኛ ጥያቄ ያስተምረናል፦ በረኪናው ለምን ውኃ ጠርሙስ ውስጥ ገባ? ልጁስ እንዴት ሊከፍተው ቻለ? ይህን ጥያቄ የጠየቁ ሰዎች የብዙ ሺህ ሕፃናትን ሕይወት ለማትረፍ ሰበብ ሆነዋል። ታሪካቸውን በአጭሩ እንመልከት።

1. የጥንቶቹ ሐኪሞችና የገበያው ተቆጣጣሪ

በእስልምናው ዓለም ስለ መርዝ መጻፍ የጀመረው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በ925 አካባቢ ያረፈው ታላቁ ሐኪም አቡ በክር አር-ራዚ ስለ ሕፃናት ሕመም ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅቷል። ሜርኩሪ ወደ ሆድ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅም ለዝንጀሮ ሰጥቶ የታየውን መዝግቧል። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀይረዋን፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ፣ የኖረው ኢብኑል ጀዛር ደግሞ ስለ ሕፃናት አያያዝና እንክብካቤ መጽሐፍ ጽፏል።

በ1199 በካይሮ የሆነው ይበልጥ ይገርማል። የሰላሁዲን አል-አዩቢ ታላቅ ባለሥልጣን የነበረው አል-ቃዲ አል-ፋዲል አይሁዳዊውን ሐኪም ሙሳ ኢብን መይሙንን ስለ መርዝ መጽሐፍ እንዲጽፍለት ጠየቀው። ዓላማው ለሊቃውንት ክርክር አልነበረም። በእባብ የተነደፈ ወይም መርዝ የገባበት ሰው ሐኪም እስኪደርስለት ድረስ ምን ማድረግ እንዳለበት ተራው ሰው እንዲያውቅ ነው። ባለሥልጣኑ በግብፅ የማይገኙ የመድኃኒት ቅመሞችን ከሩቅ አገር ጭምር አስመጥቶ ማርከሻው እንዲዘጋጅ አድርጓል። ዛሬ «የመጀመሪያ እርዳታ» የምንለው ሐሳብ ማለት ነው።

ሌላው ሒስባ ነው። ሙህተሲብ የሚባለው የገበያ ተቆጣጣሪ ሚዛን ብቻ አይመለከትም ነበር። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሻም የኖረው አሽ-ሸይዘሪ ለሙህተሲቦች ባዘጋጀው መመሪያ ሽሮፕ ለሚሠሩና መድኃኒት ለሚቀምሙ ነጋዴዎች ለየብቻ ምዕራፍ ሰጥቷል። ሐኪሞችም ለማንም ጎጂ መድኃኒት እንዳይሰጡ፣ መርዝ እንዳይቀምሙ ቃል እንዲገቡ ያዛል። ነጥቡን ልብ በሉ፦ ገዢው ብቻውን ተጠንቅቆ እንዲተርፍ አልተተወም። ሻጩም ተጠያቂ ነበር።

በቤት ውስጥስ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ልጆች ወደ ቤት እንዲገቡ፣ በር እንዲዘጋ፣ ዕቃ እንዲከደን፣ የውኃ አቁማዳ አፉ እንዲታሰር፣ መብራት እንዲጠፋ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ቀደርን ያስተማሩን ነቢይ ክዳን መክደንንም አስተምረውናል። ሁለቱ አይጣሉም።

ይህን ስንል ሁሉን ነገር እኛ ፈልስፈነዋል ለማለት አይደለም። የዛሬው የሕፃናት መመረዝ በአብዛኛው ከፋብሪካ ጋር የመጣ ችግር ነው። በረኪናን ተመልከቱ። ቃሉ የመጣው «ቫሬኪና» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ እሱም «ቫሬክ» ከሚል የባሕር አረም ስም የወጣ ነው። ጨርቅ ማንጫውን ለመሥራት የባሕር አረም አመድ ይጠቅም ነበርና። ፈሳሹ የታወቀው በ1780ዎቹ ፈረንሳዊው ኬሚስት ቤርቶሌ ክሎሪን ጨርቅ እንደሚያነጣ ካሳየ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ዓይነት ኃይለኛ ነገሮች ከፋብሪካ ወጥተው በየድሃው ቤት ገቡ። ጥበቃው ግን አብሯቸው አልገባም።

2. ነጩ ዱቄት

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አርሰኒክ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ለአይጥ ይገዙታል። ነጭ ዱቄት ስለሆነ ከስኳርና ከዱቄት አይለይም። በ1851 የወጣ ሕግ በችርቻሮ የሚሸጥ አርሰኒክ ከጥቀርሻ ወይም ኢንዲጎ ከሚባል ሰማያዊ ቀለም ጋር ተደባልቆ እንዲሸጥ፣ ገዢውም እንዲመዘገብ አዘዘ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መርዝ ምግብ አይምሰል።

ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረው። በ1858 ብራድፎርድ በምትባል ከተማ አንድ ከረሜላ ሠሪ በስኳር ፋንታ ርካሽ ማብዣ ዱቄት ገዛ። የሻጩ ሠራተኛ ተሳስቶ አርሰኒክ መዝኖ ሰጠው። ከረሜላው ገበያ ወጣ። 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። 200 ያህል ደግሞ ታመሙ። ማንም ሊገድል አላሰበም። አንድ ነጭ ዱቄት ከሌላ ነጭ ዱቄት አጠገብ መቀመጡ ብቻ በቂ ሆነ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ የወጣው የፋርማሲ ሕግ የተዘረዘሩ መርዞች ስማቸውና «መርዝ» የሚለው ቃል ሳይጻፍባቸው እንዳይሸጡ ከለከለ። ጠርሙስ ሠሪዎችም ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ላዩ ሸካራ የሆነ የመርዝ ጠርሙስ አወጡ። ሰው በጨለማ እንኳ በእጁ ዳስሶ እንዲለየው ነው።

3. ማንበብ ለማይችል ልጅ የተከራከረው ሐኪም

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኮስቲክ ሶዳ በየቤቱ ነበር። ሳሙና ይሠሩበታል፤ የቆሻሻ ቱቦ ይከፍቱበታል። መልኩ ስኳር ይመስላል። የቀመሰው ሕፃን አፉና የምግብ ቧንቧው ይቃጠላል። ቢተርፍ እንኳ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ቧንቧውን ያጠበዋል። ልጁ ምግብ ቀርቶ ውኃ መዋጥ ያቅተዋል፤ ምግብ እያለ በረኃብ ይከሳል።

ቼቫሊየር ጃክሰን (1865–1958) የጉሮሮ ሐኪም ነበር። በአፍ በሚገባ ቱቦ መሰል መሣሪያ የሕፃናትን የጠበበ ቧንቧ በትዕግሥት ይከፍት ነበር። ልጆች ውጠውት ወይም ወደ ሳንባቸው ገብቶ እሱ ያወጣቸው ከ2,000 በላይ መርፌ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲምና የመሳሰሉት ነገሮች ዛሬም በፊላደልፊያ አንድ ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ።

ጃክሰን በሙያው ብቻ ዝናና ገንዘብ ይበቃው ነበር። እሱ ግን እያከመ እያለ ሌላ ልጅ ተመሳሳይ ጠባሳ ይዞ እንደሚመጣ አየ። ከሕክምና ክፍሉ ወጥቶ በየሸንጎው መከራከር ጀመረ። የጠየቀው ትንሽ ነገር ነው፦ በቆርቆሮው ላይ «መርዝ» ተብሎ ይጻፍ፤ አደጋ ሲደርስ ምን እንደሚደረግም ይጻፍበት። አምራቾች አልወደዱትም። ዓመታት ፈጀበት። በመጨረሻ መጋቢት 1927 ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ሕጉን ፈረሙ። ኮስቲክ ሶዳ፣ አሞኒያና ጠንካራ አሲዶች ከዚያ በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ከአገር ግዛት ወደ ግዛት ሊሸጡ አልቻሉም።

ይህ ትልቅ ድል ነበር። ግን አንድ ጉድለት አለው። የሁለት ዓመት ልጅ ማንበብ አይችልም። ጽሑፉ የሚነግረው ለእናት ነው፤ ጠርሙሱን የሚከፍተው ግን ልጁ ነው።

4. የብርቱካን ጣዕም ያለው መድኃኒት

በ1940ዎቹ መጨረሻ የብርቱካን ጣዕም ያለው የሕፃናት አስፕሪን ገበያ ላይ ዋለ። ወላጆች ደስ አላቸው፤ ልጅ መድኃኒት አልወስድም ብሎ ማልቀሱ ቀረ። ልጆችም ደስ አላቸው፤ ከረሜላ አገኙ። ብዙ ልጆች ጠርሙሱን ሙሉ ጨረሱት። አስፕሪን በአሜሪካ ከዋነኞቹ የሕፃናት መመረዝ ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

በዚያው ዘመን ሌላ ችግር ታየ። ልጅ ተመርዞ ሲመጣ ሐኪሙ ራሱ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። በቺካጎ ሉዊስ ግዳልማን የተባለ ፋርማሲስት ይህን አይቶ ስለየምርቱ በትንንሽ ካርዶች ላይ እየጻፈ ያጠራቅም ጀመር። ሐኪሞች ቀንም ሌትም ይደውሉለታል፤ ካርዱን አውጥቶ ይነግራቸዋል። ከዚህ ሥራ ጋር ተያይዞ በ1953 በቺካጎ የመጀመሪያው የመርዝ መረጃ ማዕከል ተቋቋመ። ሐሳቡ በአጭር ጊዜ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። አንድ ሰው በካርድ የጀመረው ነገር ነው።

በሰሜን ካሮላይና ደግሞ የሕፃናት ሐኪሙ ጄይ አሬና የአስፕሪን አምራቹን ባለቤት በቀጥታ አነጋግሮ ለልጅ የሚያስቸግር ክዳን እንዲሠራ ገፋፋው። በአንድ ጠርሙስ የሚገባው ፍሬም ቁጥሩ ተወሰነ። ልጅ ጠርሙሱን ቢጨርሰው እንኳ የመትረፍ ዕድሉ እንዲሰፋ ነው።

5. ተጫን፣ አዙር

ካናዳ ውስጥ ዊንዘር በምትባል ከተማ አንሪ ብሮ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነበር። የከተማዋን የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከልም ይመራ ነበር። በየሌሊቱ እየተጠራ የተመረዙ ልጆችን ሆድ ማጠብ ሰልችቶት ነበር። ወላጆችን አስተማረ፣ መከረ፣ ጻፈ። ልጆቹ ግን መምጣታቸውን አልተዉም።

በመጨረሻ ችግሩን ወደ ብረትና ፕላስቲክ ሰዎች ወሰደው። ፒተር ሄጅዊክ የተባለ የፋብሪካ ባለቤት በ1967 አንድ ክዳን ሠራ። በመዳፍ ተጭነው እየያዙ ማዞር ይጠይቃል። ትንሽ ልጅ መጫን ይችላል፤ ማዞርም ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ግን ያስቸግረዋል። ክዳኑ በአካባቢው ሥራ ላይ ሲውል የሕፃናት መመረዝ በ91 በመቶ ቀነሰ። በ1974 የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት በሕግ ግዴታ አደረገው።

አሜሪካም በታኅሣሥ 1970 ለልጅ የማይመች ማሸጊያን የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ክዳኑ የሚፈተንበት መንገድ ፈገግ ያሰኛል። ፈታኞቹ ሊቃውንት ሳይሆኑ ሦስት ዓመት ተኩልና አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ጠርሙሱ ይሰጣቸዋል፤ አምስት ደቂቃ ይታገላሉ። ካልከፈቱት አንድ ትልቅ ሰው ከፍቶ ያሳያቸዋል። ከዚያ በጥርሳችሁም መሞከር ትችላላችሁ ይባሉና ሌላ አምስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ክዳኑ የሚያልፈው ከመቶ ቢያንስ ሰማንያው ልጅ ሳይችለው ሲቀር ነው።

ከዚህም ሌላ ትምህርት እንወስዳለን። ምርጥ የተባለው ክዳን እንኳ ከመቶ ሃያ ልጅ ሊከፍተው እየቻለ ፈተናውን ያልፋል። ስለዚህ ክዳን ጊዜ ይገዛልናል እንጂ ዘበኛ አይሆንልንም። ከፍ ያለ ቦታና የትልቅ ሰው ዓይን አሁንም ያስፈልጋሉ።

6. «እነሱ ሀብታሞች ናቸው» ለምትሉ

አንዳንዶቻችሁ «ይህ የሀብታም አገር ታሪክ ነው» ትሉ ይሆናል። ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። ድሃ ቤተሰቦች የሚያበስሉት በነጭ ጋዝ ነበር። በባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ገዝተው ያስቀምጡታል፤ ልጆችም ውኃ መስሏቸው ይጠጡታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ አንድ ጥናት ለ20,000 ቤተሰቦች ልጅ የማይከፍተው ክዳን ያለው ዕቃ ተከፋፈለ። በነጭ ጋዝ የሚመረዙ ልጆች ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ቤቶቹ ያው ጠባብ ቤቶች፣ እናቶቹም ያው ሥራ የሚበዛባቸው እናቶች ነበሩ። የተለወጠው ዕቃው ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2004 ብቻ ከ45,000 በላይ ልጆችና ከ20 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች በድንገተኛ መመረዝ ሞተዋል። የሞት መጠኑ የሚበዛው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። ልጆቻችን ከሌሎች ልጆች ይበልጥ አጥፊ ሆነው አይደለም። መርዙ በገባበት ፍጥነት ክዳኑ ስላልገባ ነው።

7. እኛስ?

ወንድሜ፣ እህቴ፤ ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ወጣቶች ናችሁ። ገና ልጅ የላችሁ ይሆናል። ግን ወደ ሱቅ የምትላኩት እናንተ ናችሁ። በረኪናውን በሃይላንድ አስቀድታችሁ የምትመጡትም እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማታ ልታደርጉ የምትችሉት ይህ ነው።

አንደኛ፦ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ ማላታይን፣ የባትሪ አሲድ በፍጹም በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ። በራሱ ዕቃ የታሸገውን ግዙ። አቅም ካነሰና በቅጂ መግዛት ግድ ከሆነ ለመጠጥ የማይመስል፣ ክዳኑ የሚጠብቅ አንድ ዕቃ ለዚያ ብቻ መድቡ፤ በላዩም በጉልህ ጻፉበት።

ሁለተኛ፦ ቦታው ከፍ ይበል፣ ይዘጋ። ከአልጋ ሥር፣ ከበር ኋላ፣ ከምድጃ ሥር ያለው ሁሉ የልጅ ግዛት ነው። የአይጥ መርዝ ከምግብ ጋር አታጥምዱ።

ሦስተኛ፦ ብዙው አደጋ የሚደርሰው ዕቃው ሥራ ላይ እያለ ነው። ልብስ እየታጠበ ስልክ ይጠራል፤ በር ይንኳኳል። ከመነሣታችሁ በፊት ክደኑ።

አራተኛ፦ መድኃኒትን «ከረሜላ ነው» ብላችሁ ለልጅ አትስጡ። የብርቱካኑን አስፕሪን አስታውሱ።

አምስተኛ፦ አደጋ ከደረሰ ልጁን አታስመልሱት። አሜሪካ ውስጥ እንኳ የሚያስመልስ ሽሮፕ በየቤቱ እንዲቀመጥ ለረጅም ዘመን ይመከር ነበር፤ በ2003 ግን የሕፃናት ሐኪሞቹ ማኅበር ራሱ ይህን ምክር ተወው። በረኪናና አሲድ ሲመለሱ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥላሉ። ነጭ ጋዝ ደግሞ ዋናው አደጋው ሳንባ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ማስመለስ ወደዚያ ይልከዋል። ወተት ማርከሻ አይደለም፤ ብዙ መጋትም ትውከት ያመጣል። አፉን አጽዱ፤ የነካውን ልብስ አውልቃችሁ ገላውን በውኃ እጠቡ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የተሻለው መስሎ ቢታያችሁም አትዘግዩ።

ስድስተኛ፦ የሰፈራችሁን ባለሱቅ በመልካም ቃል አነጋግሩ። በረኪናን በውኃ ጠርሙስ ቀድቶ የሚሸጠው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሁሉም ስለሚያደርገው ነው። ሙህተሲብ በሌለበት ገበያ ገዢው አንድ ላይ ሆኖ «በዚህ ዕቃ አንገዛም» ቢል ብዙ ይለወጣል። አምራቾችም ይሰማሉ፤ ታሪኩ እንዳሳየን ማንም አምራች ሳይጠየቅ ክዳን አልቀየረም።

ጃክሰን አንድ ቃል ብቻ ነበር ያጻፈው። ግዳልማን የጀመረው በካርድ ነው። የዊንዘሩ ሐኪም አንድ ክዳን አስለወጠ። ማናቸውም እናቶችን በመውቀስ አልተወሰኑም፤ ማናቸውም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እኛ ደግሞ በላዩ ላይ ተወኩል አለን። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልኩን አስቀምጡና ወደ ማድቤት ሂዱ። እዚያ የቆመውን ሃይላንድ አንሡ። ምን እንዳለበት እዩ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለመጠበቃቸውም እኛን ሰበብ ያድርገን። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ላለው ሁሉ አድርሱልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።